ትራፊ ክርስትና ሲነሳ

በእኛ ቤት ትራፊ የሚባል ምግብ የለም። ማታ የተረፈ ወጥ አለ፤ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ግን ስሙ ተቀይሯል። ማታ «ትራፊ አለ፣ ላቅርብልህ?» ሲባል ፊቱን የሚያዞር አባወራ፣ ጠዋት «ፍርፍር ደርሷል» ሲሉት ሳይጠራ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ወጡም ያው፣ እንጀራውም ያው ነው፤ ሌሊቱን ክርስትና ተነስቷል እንጂ። ምግብ ቤት ሲደርስማ «ስፔሻል» የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ አናቱ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጉብ ይልና ዋጋው ከወጡ ይበልጣል። ያ ሁሉ እንጀራ ደግሞ እንጀራ ላይ ፈስሶ ይቀርባል፤ በእንጀራ እየተጠቀለለም ይበላል።

ስሙ ግን በዋዛ አይገኝም። አሠራሩ ከተበላሸ ትራፊነቱ ከነማስረጃው ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው ትኩስ እንጀራ ነው። ገና ከምጣድ የወረደ እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ መረቅ ሲነካው ዐይኑ ይጠፋና ይላቁጣል። አንድ ቀን ያደረው ግን ውስጡ ያለው ስታርች ስለሚጠነክር መረቁን እየጠጣም ቅርጹን ይይዛል። እንግዳ ለማክበር ብሎ ለፍርፍር የዛሬ እንጀራ የሚያወጣ ቤት አክብሮቱን በገንፎ ይገልጻል።

ለሁለት ሰው 2 ያደረ እንጀራ ይበቃል። 1 ትልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ውሃው ሲመጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይከተላል። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጉ 10 ደቂቃ ያህል ማብሰል ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ጥሬ በርበሬ በልቶ ቀኑን ሙሉ ቃር ሲያቃጥለው ይውላል። ቀጥሎ 1 ኩባያ ውሃና ጨው፤ ሲንተከተክ እንጀራው። የተረፈ ወጥ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል፤ ለ1 እንጀራ 1 ጭልፋ ወጥ በግማሽ ኩባያ ውሃ ቀጥኖ ይፍላ። ጨው ግን ሳይቀምሱ መጨመር የለም፤ ወጥ በሞቀ ቁጥር ውሃው እየተነነ ጨውነቱ ይብሳል።

እንጀራው በእጅ ይቆረሳል። ግማሹ ቀድሞ ገብቶ 2 ደቂቃ መረቁን ይጠጣ፣ ሌላው ግማሽ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይግባ፤ ያኔ የራሰውም ጠንከር ያለውም በአንድ ጉርሻ ይገኛል። ማማሰያው ከሥር ወደ ላይ ያገላብጥ እንጂ አይዙር፤ የዞረ ፍርፍር ሊጥ ወደነበረበት ዘመን ይመለሳል። መክደንም ያው ነው፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ይወርድበታል።

ሽሮ ሲያድር ይረጋል፤ በዚያ ሁኔታው በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይጓጉላል። ሳይሞቅ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ መምታት፣ ከዚያ መጣድ። ይኸው ነው።

ዳቦ ላይ ጠባያችን ሌላ ነው። መሬት ከወደቀ ስመን እናነሳውና ከፍ ያለ ቦታ እናስቀምጠዋለን፤ እዚያው ላይ ደግሞ እንረሳዋለን። በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን ድፎው በር ማስደገፊያ ይሆናል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተተው ሰው ያዳነው ይመስለዋል፤ ዳቦ ግን ከውጭ ይልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቶሎ ይጠነክራል። ማቆየት የፈለገ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው። የጠነከረውን ላዩን ውሃ ረጭ አድርጎ በጋለ ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍቶ 5 ደቂቃ ቢያቆዩት ነፍስ ይዘራል። ነፍሱ የተውሶ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይጠብቃችኋል፤ ስለዚህ የሚበላውን ያህል ብቻ ማሞቅ ነው።

ለዳቦ ፍርፍር ደግሞ ቁራጮቹ መጀመሪያ በደረቅ መጥበሻ ይታመሱ፤ ስልሱ ውስጥ ገብተው ከ30 ሰከንድ በላይ አይቆዩ፤ ዳቦ ከእንጀራ ይልቅ ፈጥኖ ይጠጣልና ውሃውም በግማሽ ይቀነስ። ልጅ ያለበት ቤት 2 እንቁላል በግማሽ ኩባያ ወተት መትቶ 4 ቁራጭ ድፎ ይንከርበት። በደንብ የደረቀ ድፎ በየጎኑ 1 ደቂቃ ይችላል፤ ለስላሳው ያን ያህል ከተነከረ ወደ መጥበሻው የሚጓጓዘው በማንኪያ ነው። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ከበዛ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ እንቁላል ይቀራል።

የሻገተውን ግን መሳሙ ይቅር። «ጫፉ ብቻ ነው» እያሉ አረንጓዴውን ቆርጦ ቀሪውን መፈርፈር የተለመደ ጀግንነት ነው፤ ሻጋታ እርጥብ እንጀራና ዳቦ ውስጥ በዐይን የማይታይ ሥር ይሰዳል። በርበሬ ቀለሙን ቢሸፍነውም መርዙን አያወጣውም።

ትራፊን የሚያጋልጥ ሌላው ጠላት ምሳ ዕቃ ነው። ሙቅ ወጥ እንጀራ ላይ ፈስሶ ትኩሱን ከተከደነ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ያለ ምንም ሙያ ራሱን ችሎ ይፈረፈራል። ወጡን ለብቻው መያዝ፣ አቀዝቅዞ መክደን ይሻላል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ቢሮው በሙሉ የሰውን ክዳን ነው የሚያየው። ሰኞ የዶሮ ብልት ይታያል፣ ማክሰኞ ቁሌት ብቻ፤ ሐሙስ ላይ ቀይ ፍርፍር መሃል ግማሽ እንቁላል ብቅ ትላለች። ባለቤቷ «ዛሬ ጠዋት የተሠራ ነው» ትላለች፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ ባልደረቦቿ፤ ዐይናቸው ግን ፊቷ ላይ ሳይሆን እንቁላሏ ላይ ነው።

ከሁሉም ማዕረጉ የሚልቀው ድርቆሽ ነው። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይቀልላል፤ ሻንጣም ይወደዋል። ሲሰበር ቀጭ እስኪል ካልደረቀ ግን መሃሉ ለስላሳ ይቀርና መንገድ ላይ ይሻግታል። ሲፈረፈር ካደረ እንጀራ የበለጠ መረቅ ይጠጣል፤ ይህን ያልሰማ ሰው ጥርሱን ይፈትናል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሲገባ «ከአገር ቤት የመጣ» ተብሎ እንግዳ ይጠራበታል፣ ቡና ይፈላበታል። ድስቱ ሥር የቀረው ሁለት ማንኪያም በፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ፣ ለነገ ጠዋት ተብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል።