ሐረጎ ስንት ኩርባ አለው?

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ተቀድቶ ወሬው እንዴት እንደሆነ እንጃ ወደ ሚሊኒየሙ ዞረ። አንዱ "ሚሊኒየሙ እኮ ትናንት ነው" አለ። ለእኔም ትናንት ነው። ግን የዚያን ሰሞን የተወለደ ልጅ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶት መታወቂያ አውጥቷል። ይህን ስናስብ ሁላችንም ዝም አልን።

የቤቱ ባለቤት እማማ ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደሩ "የጊዜ በረካው ተነሳ ልጄ። ዓመቱ እንደ ወር፣ ወሩ እንደ ሳምንት ይሆናል ተብሎ የለ?" አሉኝ። የቂያማ ምልክት ነው ማለታቸው ነው። በረካው ተነሳ እያልን ሦስተኛውን ስኒ፣ በረካውን፣ ጠጥተን ተነሳን።

በሃይማኖቱ ከእማማ ጋር አልከራከርም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በረካው ከተነሳ ከሁላችንም ላይ መነሳት ነበረበት። እዚያው ቄጤማው ላይ የተቀመጠው የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸው ግን ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ቀን ቢቆጥር ቢቆጥር አልገፋ ብሎታል። ለእሱ ሰኔ የማይደረስበት አገር ነው።

በቴሌግራም የሚዞር መልስ አለ፤ ሳታዩት አትቀሩም። ለ5 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው 20 በመቶ ነው፤ ለ50 ዓመት ሰው 2 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ያጥራል። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ፈላስፋ የፖል ዣኔ ነው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን። ሒሳቡ አይሳሳትም። ግን ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ለዕድሜው የሚያካፍል ማን ነው? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስም እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ የዣኔን ቀመር ጠቅሶ፣ ነገሩን ይገልጸዋል እንጂ ምስጢሩን አልቀነሰውም ብሏል። የጄምስ የራሱ ግምት ሌላ ነው። በልጅነት ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ሲያድጉ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንና ትዝታው ባዶ ይቀራል።

እኔ ከጄምስ ጋር ነኝ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርክ ቪትማንና ሳንድራ ሌንሆፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ14 እስከ 94 ዓመት የሆናቸውን 499 ሰዎች ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍላቸው ጠይቀዋል። ያለፈው ሳምንትስ? ያለፈው ወርስ? እዚህ ላይ በሽማግሌና በወጣት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። "ያለፉት 10 ዓመታትስ?" ሲባል ነው ትልልቆቹ "በረሩ" ያሉት። ልዩነቱም የምናወራውን ያህል አይደለም። እንግዲህ ሳምንቱ ለሽማግሌም ለወጣትም እኩል ይሄዳል። የሚያጥረው ወደኋላ ዞረን ስናየው ነው።

ልጅ ሆኜ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ትልቅ ጉዞ ነበር። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከአባቴ ጋር አክስቴን ልንጠይቅ የምንወርድ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። መሀል መንገድ ላይ፣ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። ጆሮዬ ድፍን ይላል። አባቴ "ምራቅህን ዋጥ" ይለኛል። ኩርባዎቹን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ የእኔ ጣት ሲያልቅ የአባቴን እበደራለሁ። ያገኘሁት ቁጥር አንድም ቀን ካለፈው ገጥሞልኝ አያውቅም። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን ይመታናል፤ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አስራለሁ። ያ አንድ ቀን ዛሬ ድረስ ሳስበው ሳምንት ያህላል።

አሁን ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። በሳምንት አምስት ቀን ወርጄ እወጣለሁ። በዓመት ደርሶ መልሱ ወደ 500 ጉዞ ይጠጋል። ባለፈው ዓርብ አጠገቤ ማን ተቀምጦ ነበር? አላውቅም። ጉም ነበር? አላውቅም። መናኸሪያ ገባሁ፣ "ወራጅ አለ" አልኩ፤ መሀሉ የለም። 500ው ጉዞ ተጣጥፎ አንድ ሆኗል። ዓመቱን ዞር ብዬ ስፈልገው የማገኘው ያችኑ አንዷን ነው።

(ከትዝታ ሌላ የውስጥ ሰዓት የሚሉት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፒተር ማንጋን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች በግምት 3 ደቂቃ እንዲቆጥሩ አድርጎ ነበር። ወጣቶቹ በአማካይ 3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ላይ አቆሙ፤ ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው 3 ደቂቃ ከ40 ላይ። የውስጡ ሰዓት ሲዘገይ የውጪው ይሮጣል ማለት ነው። እሁድ ዕለት ስልኬን አውጥቼ እዚያው ሞከርኩት። ልጁ ገና 2 ደቂቃ ከ20 ላይ "ሞላ!" ብሎ ጮኸ። እማማ 4 ደቂቃ አልፎም ዕጣን እየጨመሩ ነበር። ይህን ጥናት ብላችሁ እንዳትይዙብኝ።)

የደሴ ሰው የረዘመ ጊዜ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከጥቅምት 2014 መገባደጃ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። በወረቀት አምስት ሳምንት ገደማ ነው። እኛ ቤት ሻማውን በጣት እየለካን፣ "ዛሬ እስከዚህ" እያልን ነበር የምናበራው። የትኛው ቀን ዱቄት እንዳለቀ፣ የትኛው ሌሊት ውሻው እንደጮኸ እስካሁን መናገር እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ቀላል ነበሩ አልልም። ግን ተደምረውም እንደዚያ አይረዝሙልኝም። አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሙከራ ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ መረብ ላይ ጥለዋቸው ነበር። ወዳቂዎቹ የራሳቸውን አወዳደቅ፣ ሌላ ሰው ሲወድቅ አይተው ከገመቱት ጊዜ በ36 በመቶ አስረዝመው ገመቱት። አየር ላይ ሳሉ ግን ዓይናቸው ከወትሮው የፈጠነ ነገር መለየት አልቻለም። በፍርሃት የረዘመው ትዝታው ነበር።

ስለዚህ "ዓመቱ እኮ በረረ!" ሲባል አብሬ አላማርርም። የበረረ ዓመት አንዳንዴ ለቅሶ ያልተቀመጥንበት ዓመት ነው። ጊዜን ለማስረዘም አዲስ ነገር ሞክሩ፣ ተጓዙ የሚሉትም ክፋት የለባቸውም። ደሞዙ ወር ገባ ከ20 ለማያልፍ ሰው ግን "ተጓዝ" ማለት ቀልድ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቢሮ ለአንድ ማህተም ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ። "ሲስተም የለም።" አግዳሚው ላይ ሳለሁ ሦስቱ ሰዓት ሦስት ቀን ሆኖብኝ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ምንም የለም፤ ሲያልፍ ረጅም፣ ካለፈ በኋላ ባዶ። ስልክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ማታ አልጋ ላይ ቲክቶክ የከፈትኩበት ሰዓት ሲያልፍም አይታወቀኝ፣ ጠዋት ስነሳም የለም። የሲስተሙስ በእኔ እጅ አይደለም። የስልኩን ግን በማን ላከክ?

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ኪሴ ከትቼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። መቁጠር ጀመርኩ። ሰባተኛው ኩርባ ላይ ከታች የመጣ ሲኖትራክ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ፤ ሹፌራችን ጥግ ይዞ አሳለፈው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለልጇ ብርቱካን ትልጣለች፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። 14 ላይ ስደርስ ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"ሂሳብ፣ ፋዘር።"

ፋዘር? እንዲህ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ብሩን አውጥቼ ሰጥቼ፣ መልሴን ተቀብዬ ቀና ስል ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።