ልጁን ጫት ቤት የላክነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠንከር ብዬ ልናገር ነው። ቅር የሚለው ይበለው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አለ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ይወጣል፤ ለአባቱ ጫት ሊገዛ። በኮባ የተጠቀለለውን በጥቁር ፌስታል ይዞ ሲመለስ አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ቆም አለ። ግራ ቀኙን አየና ቀንበጡን ቀንጠስ አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተ። ያንን እጅ ማን አስለመደው? አባቱ ነው። ነገ ልጁን መርቅኖ ቢያገኘው ቀበቶውን የሚፈታውም ያው አባት ነው።

"ጓደኛ ነው ያበላሸው" እያልን እስከ መቼ እንሸሻለን? ጓደኛማ አለ። ግን ልጅ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያው ፍራሽ የሚሞቀው ቤቱ የሚያዋራው ሲያጣ ነው። እዚያ "ና፣ ተቀመጥ" ይሉታል። ቤቱ "ስንተኛ ወጣህ?" ከማለት ሌላ የሚጠይቀው የለም። እናቱ ዓረብ አገር የሆነችበትም አለ። እሷን አልወቅስም፤ ብር ትልካለች፣ ትደውላለች። የምወቅሰው አደራ የተቀበልነውን ነው። ብሩን ቆጥረን እንወስዳለን፤ ልጁ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባ ግን አናውቅም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ "ለጥናት ነው" ብሎ ይጀምራል። ፈተናው ያልፋል፣ ሀራራው ይቀራል። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ መጠጥ ይፈልጋል። ሺሻውም ሩቅ አይደለም።

ሕግማ አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራና መጠጥ እንዳይሸጥም ደንግጓል። ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ ቢራ የሚከፍተው ግን የኛው ጎረቤት ነው። ድሮ የሰው ልጅ ሲያጠፋ ያየ ቆንጥጦ ለእናቱ ይነግር ነበር። ዛሬ "ምን አገባኝ" ብለን እናልፋለን።

ደግሞ ሱስ የያዘውን ልጅ ከቤት ማባረር ይቁም፣ እባካችሁ። በሩ ሲዘጋበት የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደዚያው ፍራሽ ነው። ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት። "አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሲገባ ካዩት እብድ ይሉብኛል" ብላችሁ አትደብቁት።

እኔም ያን ቀን ልጁን አየሁት እንጂ አልጠራሁትም። ዛሬ ማታ በራቸውን አንኳኳለሁ። አባቱን "ጫትህን ራስህ ሄደህ ግዛ" እለዋለሁ።