ጣሪያው የሁላችን፣ ጠብታው የእኔ

ከኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ስብሰባ ከተመለስኩ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄም እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ሳይበርድልኝ የምጽፈው፣ ነገ ጠዋት ከበረደልኝ እንደ አምናውና እንደ ካቻምናው «ይሁን፣ ጎረቤት ናቸው» ብዬ እንደምተወው ራሴን ስለማውቅ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ወደ እኔ ቤት ግን ባለፈው ረቡዕ ሌሊት፣ ግንቦት እንኳ ሳያልቅ፣ በመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በኩል ገብቷል። ዝናቡ የዘነበው 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያች 20 ደቂቃ ግን ሁለት ሳፋ፣ አንድ ባልዲና ከፋሲካ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው የዶሮ ወጥ ድስቴ ሁሉም ሥራ አገኙ። ሐምሌና ነሐሴ ገና ሳይመጡ እንዲህ ከሆነ ሲመጡ ምን ሊውጠኝ ነው? ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ውስጥ በሐምሌ አንድ ጊዜ የራሰ ፍራሽ እስከ መስከረም እንደማይደርቅ የአምናው ፍራሼ ምስክር ነው፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ስለዚህ ዘንድሮ ብልህ ልሁን ብዬ፣ ሁላችሁም «አስቀድመሽ አሠሪው» ስትሉኝ የነበረውን ምክር ሰምቼ፣ ባለሙያ አስመጣሁ። ሰውዬው «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ሦስት ቀን መንገድ ላይ መቆየቱን ለጊዜው ልለፈው። በአራተኛው ቀን መጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሲያንኳኳ ቆይቶ ሲወርድ የነገረኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ የማላውቀውን አሳውቆኛል። ለካ ውኃ ከገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ማገር ተከትሎ ሲጓዝ ይቆይና ደስ ባለው ቦታ ይንጠባጠባል። እኔ አልጋዬን ከወዲህ ወዲያ ስገፋ የኖርኩት፣ ቀዳዳው ከአልጋዬ በላይ ሳይሆን ደረጃው ጋ ሆኖ ሳለ ነው። የሚስማሮቹ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አሸንዳው ውስጥ ደግሞ የርግብ ጎጆ፣ አራት የውኃ ፕላስቲክ፣ አንድ የካልሲ ኳስና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ችግር ዲሽ ነው። በእኛ ብሎክ 14 ዲሾች ተተክለዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ የእኔ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ግድግዳ ላይ የታሰረ ነው። የቀሩት 13ቱ ኢጋ ቆርቆሮውን በስተው የገቡ ናቸው። ከመካከላቸው ተነቅለው ሌላ ቦታ የተተከሉ ስላሉ፣ የድሮ ቀዳዳቸው እንደ ወንፊት አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በዚያ ላይ ምስል በጠፋ ቁጥር የሚወጣው ዲሽ ሠሪ የሚረግጠው ሚስማር የተመታበትን መስመር ሳይሆን የቆርቆሮውን መሐል ስለሆነ፣ መገጣጠሚያው ጎብጦ ተከፍቷል። ባለሙያው ጠቅላላ ጥገናውን 36,000 ብር ገመተው። እኛ 20 አባወራ ነን፤ ለእያንዳንዱ 1,800 ብር ማለት ነው። ማጣበቂያው በረጠበ ብረት ላይ ስለማይዝ ሥራው ዝናቡ ሳይጠና ማለቅ እንዳለበትም አስጠንቅቆኛል።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ የዲሾቹን ፎቶግራፍ በስልኬ ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ዛሬ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። ሰብሳቢያችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሰው ሲናገር መነጽራቸውን አውልቀው የሚጠርጉት፣ መነጽሩም እስካሁን ጠርቶላቸው የማያውቀው።

«ጋሼ፣ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ወጪውን በጋራ እንድንሸፍን ነው የምጠይቀው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ቤት የሚያፈሰው ውኃ እኔ ቤት ይመጣል እንዴ?»

«እኔን አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ከወረደ፣ ቀስ እያለ እርስዎም ጋ ይመጣል።»

«በይ እንግዲያው፣ ሲመጣ እንነጋገራለን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ አምና እናታቸው ሲያርፉ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት የላጥኩላቸው የሁለተኛ ፎቅ እመቤት ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ስቀውም አልበቃቸው፤ «አንቺ እኮ ለሰማይ የቀረብሽ ነሽ፣ ዝናቡ ቀድሞ ቢያገኝሽ ምን ይገርማል?» ብለው ጨመሩበት። ሌላው ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ዕጣው የወጣልሽ ቀን እልል ስትዪ አራተኛ ፎቅ መሆኑን አላነበብሽም ነበር?» አለ። አንብቤ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ከነጎረቤቶቹ» የሚል አልተጻፈበትም። ይህን መልስ ያገኘሁት ወደ ቤቴ የሚወስደውን ደረጃ ወጥቼ ሳበቃ ነው፤ ሁልጊዜም መልስ የሚመጣልኝ እንዲህ ዘግይቶ ነው፣ እዚያ ግን አፌ ደርቆ ነው የቆምኩት።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ንም ጠቅሼላቸው ነበር። ከየቤታችን ክልል ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የሁላችን እንደሆነ፣ ለጋራ ወጪም ሁላችን ማዋጣት እንዳለብን እያነበብኩ ሳስረዳ፣ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አጥልቀው «አዋጅ ጣሪያ አይደፍንም፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይደፍንም፣ ደግሜ ባነበውም አንዲት ቀዳዳ አይደፍንም።

አምና የምድር ቤቶቹ የፍሳሽ ቱቦ ተዘግቶ በግቢው ሁሉ አፍንጫ ተይዞ ሲታለፍ የነበረ ጊዜ፣ ሽታው እንኳ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ይደክመው ነበር፤ እኔ ግን «የእናንተ ቱቦ ነው» አላልኩም፣ የተጠየቅሁትን በዚያው ዕለት ከፍያለሁ። የግቢውን በር ቀለም ለማስቀባት ስንዋጣም ከፍያለሁ፤ ቀለሙ ሰኔ ተቀብቶ በሐምሌ ዝናብ መታጠቡን ሁላችሁም አይታችኋል። ለደረጃው መብራትም የከፈልኩ ሲሆን፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በርቶ እኔ ጋ ሲደርስ አምፖል አለቀ ተብሎ፣ ይኸው ሁለት ዓመት በስልኬ መብራት እወጣለሁ። ዛሬም ስብሰባው ከእኔ ጉዳይ በኋላ ወዲያው ያጸደቀው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የበር ቀለም፣ በድጋሚ፣ በየቤቱ 500 ብር! እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ለምን እንደደገፍኩ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም።

ስለዚህ የዘንድሮ የክረምት ዝግጅቴ ይህን ይመስላል። አልጋው ወደ ሳሎን ተዛውሯል፤ ሶፋው ወደ ኮሪደር፣ የልጆቹ መጻሕፍት በላስቲክ ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ራሱ ጡብ ላይ ወጥቷል። ሸራ ገዝቼ በራሴ ወጪ ደረጃው ጋ ያለውን ቀዳዳ እንዲሸፍንልኝ ለዚያው ለመንገደኛው ባለሙያ ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ እሱም እንደለመደው መንገድ ላይ ነው። እናቴ በስልክ «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት ይባላል፣ እስከዚያ ቻይው» አለችኝ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚቆጠረውን የጠብታ ብዛት እሷ አታውቀውም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአንደኛ ፎቁ ጎረቤቴ ነው፣ «ዕጣው የወጣልሽ ቀን» ያለኝ ራሱ። ከሰዓት በኋላ የነበረው ነፋስ ዲሹን አዙሮበት ምስል ስለጠፋበት፣ «እህቴ፣ መሰላልሽን ለአሥር ደቂቃ ብቻ» አለኝ በትሕትና፤ ጨዋታው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር እንደቸኮለም ነገረኝ። እምቢ ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ከአፌ የወጣው «ተጠንቅቀህ ርገጥ» የሚል ሆኖ አገኘሁት።

መሰላሉን ይዞ ወጥቷል። አሁን ከራሴ በላይ ቆርቆሮው ሲንጓጓ ይሰማኛል፤ መሐል መሐሉን ነው የሚረግጠው።