ሺ ሁን ያነገሠው ማን ነው?

ስለ ኋለኛው ዣኦ ሥርወ መንግሥት ሲነሳ ምስጋናው ለመሥራቹ ለሺ ሌ፣ እርግማኑ ደግሞ ለዘመዱ ለሺ ሁ ይሆናል። ይህ ክፍፍል አይዋጥልኝም። በሰሜን ቻይና ከ319 እስከ 351 እ.ኤ.አ. ብቻ የቆየው ያ መንግሥት የፈረሰው በመሥራቹ እጅ ነው ባይ ነኝ።

የሺ ሌ ታሪክ እርግጥ ይማርካል። ጂዬ ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ፣ በረሃብ ዘመን ተይዞ ለባርነት የተሸጠ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ሽፍታ ሆነ፣ ቀጥሎም የጦር አበጋዝ፤ በ311 ቻይናን ይገዛ የነበረውን የጂን ሥርወ መንግሥት ዋና ሠራዊት ደመሰሰ፣ በ330 ንጉሠ ነገሥት ተባለ። የጥንቱን የሃን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ሰው ያነብለት ነበር። የሃን መሥራች ሊዩ ባንግ የጥንቶቹን ነገሥታት ዘሮች መልሶ እንዲሾም መመከሩን ሲሰማ፣ በዚህ ዘዴማ አገሩን እንዴት ሊይዝ ቻለ ብሎ ደነገጠ። የሊዩ ባንግ አማካሪ ዣንግ ሊያንግ ሐሳቡን እንዳስተወው ሲነበብለት ነው ልቡ የተመለሰው።

በጆሮው ብቻ የሰማውን የሰው ስህተት እንዲህ የሚለይ ሰው፣ የገዛ ቤቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ታወረ። ሠራዊቱን በሺ ሁ እጅ ትቶ፣ አልጋውን ለመጽሐፍ ወዳዱ ልጁ ለሺ ሆንግ አወረሰ። ሹሙ ቼንግ ሺያ፣ ሺ ሁ ይወገድ ብሎ ወተወተው። እሱ ግን ልጄ ለጋ ነው፣ ብርቱ ደጋፊ ያሻዋል አለ።

የጦሩን አለቃነት ለዘመድ ካልሰጠ ለማን ይስጥ? የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የዚያ ዘመን ጦር በዝምድና የሚታሰር ነበርና። ግን ሺ ሌ ትምህርት ቤት የከፈተ፣ በቻይናውያን አማካሪዎች የተከበበ ገዥ ነው። ሥልጣኑን ለሁለት ለሦስት ሰው ማከፋፈል አያቅተውም ነበር።

በ333 ሞተ። በዓመቱ ሺ ሆንግ ከዙፋን ወርዶ ተገደለ። ሺ ሁም በተራው ሁለት አልጋ ወራሽ ልጆቹን ገደለ፤ ሁለተኛውን፣ ወንድሙን ስላስገደለ፣ በ348 በእሳት አቃጠለው። እሱ በ349 ሲሞት ሦስት ልጆቹ ዓመት ሳይሞላ ተፈራርቀው ነገሡ። በመጨረሻ በዚያው ቤት ያደገው ቻይናዊ ራን ሚን ጂዬዎች እንዲገደሉ አዘዘ። የቻይና ዜና መዋዕል ሟቾቹን ከ200 ሺህ በላይ ያደርሳቸዋል፤ ብዙዎቹ ጂዬ እንኳ ሳይሆኑ፣ አፍንጫቸው ረዘመ፣ ጢማቸው በዛ ተብለው የተገደሉ ናቸው።