ድሉን ለኮሚቴ

መንግሥት የድል በዓል ማክበር ያውቅበታል፤ ይህን የሚክድ ምቀኛ ብቻ ነው። ሚያዝያ 27 ሲደርስ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የሚታየው ሙያ በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። የአርበኛው ሥራ እኮ ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ፈጅቶ አለቀ። ማክበሩ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት አሁንም ያልተቋጨ ከባድ ሥራ ነው። በ2033 መቶ ዓመት ይሞላል፤ ለሙያው አዲስ የሆነ ሁሉ ከወዲሁ አሠራሩን ይማር።

በመጀመሪያ ዐቢይ ኮሚቴ ይቋቋማል። ዐቢዩ ንዑሳንን ይወልዳል፦ የፕሮቶኮል፣ የመስተንግዶ፣ የጸጥታ፣ የፋይናንስ። የታሪክ ንዑስ ኮሚቴም አለ፤ የሚሰበሰበው መሪ ቃል ለማጽደቅ ነው። መሪ ቃል ውስጥ የግድ የሚገቡት አባቶቻችን፣ የመሥሪያ ቤቱ የዘንድሮ ዕቅድና አንድ ቃለ አጋኖ ናቸው። «የአባቶቻችንን የአርበኝነት ወኔ ለቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ እናውላለን!» ቢባል ያምራል። ፋሺስትን ያባረረ ወኔ መዝገብ ቤት የጠፋ ፋይል ማስገኘት ያቅተዋል ብሎ የሚጠራጠር ባንዳ ነው።

የቀኑም ነገር የታደለ ነው። ሚያዝያ የበጀት ዓመቱ ዐሥረኛ ወር ስለሆነ፣ ሰኔ 30 ሳይደርስ ማለቅ ያለበት ገንዘብ ሁሉ ድንገት አገር ወዳድ ይሆናል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ቢሞሉ ክፉ አያስቡ፤ የአንድነታችን ምልክት ነው።

ትልቁ ፈተና ባነሩ ነው። ስድስት በሦስት ሜትር ይታተምና በብረት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ይህ ዐሥራ ስምንት ካሬ ሜትር ፕላስቲክ ማለት ነው፤ የበልጉ ነፋስ ሲያገኘው ይነፋውና ከጠርዝ ጀምሮ፣ ገመዱ ከሚገባበት ቀለበት ላይ ይቀደዳል። ሰቃዩ መድኃኒቱን ያውቃል፦ እዚህም እዚያም በግማሽ ክብ ሰንጠቅ፣ ነፋሱ ይለፍ። ችግሩ ባነሩን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የኃላፊው ፎቶ መሆኑ ነው፤ የትም ቢሰነጠቅ ወይ ጉንጭ ላይ ወይ ክራቫት ላይ ያርፋል። ማን ደፍሮ ምላጭ ያነሣል? ስለዚህ አይሰነጠቅም፤ ረፋድ ላይ ኃላፊው ከሁለት ተከፍለው ይውለበለባሉ። በ1933 የተሰለፉት አርበኞች በአንድ ጥግ በትንሹ ስለሚገቡ ብዙ ጊዜ ምንም አይነካቸውም።

ምሰሶ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው። ሠራተኛው መሰላል ላይ ሳለ መሬት የቆመ ሰው ቀና ብሎ ይይለት። ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ከሆነ በዓሉ የቦሊቪያ ሆኗል።

አቀማመጥ። ሶፋውና የታሸገው ውኃ ድንኳን ውስጥ፤ አርበኞቹ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ። ይህን ጭካኔ የሚሉ አሉ፤ ስለ ካሜራ ስለማያውቁ ነው። ሜዳሊያ ጥላ ውስጥ አያብረቀርቅም። ጄኔሬተሩ ከመድረኩ ጀርባ ይቀመጣል፤ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥና የኅሊና ጸሎት ሲደረግ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከማይክሮፎኑ በስተኋላ ይቆማል። ቦታው ስሕተት ነው፤ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል። ቢሆንም ከንግግሩ ጋር ስለሚስማማ የሚያስተካክለው የለም።

ንግግሩ አርባ ደቂቃ፣ ፉከራው ሦስት ደቂቃ ነው። ለፉከራው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎፈር የደፉ አባት «ዘራፍ!» ብለው በደንብ ጀምረው፣ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ስለ ጡረታ አበላቸው ሊያነሡ ይችላሉ። የሠለጠነ መድረክ መሪ እዚህ ላይ ይታወቃል። «እናመሰግናለን አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» ይልና በዓይኑ ለማርሽ ባንዱ ምልክት ይሰጣል። ከበሮ የማይሸፍነው አቤቱታ የለም።

ደስ የሚለው፣ የመቶኛው ዓመት ኮሚቴ ይህ ሥጋት አይኖርበትም። በ1928 የ15 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው በ2033 የ120 ዓመት አዛውንት ነው። በዓሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለቤቶቹ ነጻ ሆኖ ይከበራል። የሚፎክረው የተከፈለው የባህል ቡድን ይሆናል፤ ጎፈሩ ሰው ሠራሽ፣ ጋሻው ካርቶን። እነዚህ ከተሰጣቸው ጽሑፍ አያልፉም።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ኮሚቴውን የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሚያዝያ 27 ቀን 2033 እሑድ ነው የሚውለው። መቶ ዓመት ጠብቆ አንድ የዕረፍት ቀን እንኳ የማያስገኝ ኢዮቤልዩ ለሠራተኛው ምን ይባላል?

ቀን ማዛወር ደግሞ ነውር አይደለም፤ ተደርጓል። አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ሲሆን፣ ጃንሆይ በእንጦጦ በኩል የገቡት ከ29 ቀን በኋላ፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ዕለት ነው። በዓሉም በዚያው ጸና። ደርግ መጥቶ ንጉሡ የገቡበትን ትቶ መጋቢት 28ን አከበረ። ደርግ ሲሄድ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሦስት መንግሥት ድሉ ላይ ተስማምቷል፤ የተለያየው መድረኩ የሚተከልበት ቀን ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ወደ መጋቢት 28 እንመልሰው? እሱም ቅዳሜ ነው፣ ያውም በዓቢይ ጾም። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 13 ስለሆነ ግብዣው በሽሮና በአትክልት ሊያልፍ ነው፤ የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴ በዚህ ይስማማል ማለት ዘበት ነው። የሚያዋጣው እሑድ አክብሮ ሰኞ ሚያዝያ 28ን «የበዓሉ አፈጻጸም ግምገማ» ብሎ ቢሮ መዝጋት ነው። ቃለ ጉባኤው ከአሁኑ ይያዝ፤ አዳራሹም እንዲሁ። የቢሾፍቱ ሆቴሎች በሚያዝያ ቶሎ ይሞላሉ።