የካሜራው ፊልም ከመያዣው ሀዲድ ስር ካልገባ ልፋቱ ሁሉ ገደል

በጣም ነው የተቃጠልኩት ዛሬ። ለአንድ ፎቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ያንን ከባድ አራት በአምስት ካሜራ (አራት በአምስት ኢንች የሆነ ነጠላ ፊልም የሚጎርሰውን ትልቁን) ተሸክሜ፣ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቼ ፎከስ አድርጌ፣ ብርሃኑ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር፣ ከዛ ፊልሙን አጥቤ ሳየው ግማሹ ጥርት ያለ ግማሹ ድብዝዝ!! ለካ ሆልደሩ (ጠፍጣፋው የፊልም መያዣ) ውስጥ ሳስገባው አንዱ ጠርዝ ከሀዲዱ (ፊልሙን በግራና በቀኝ ጫን አድርጎ ከሚይዘው ቀጭን ከንፈር) ስር ገብቷል፣ ሌላው ላዩ ላይ ቀርቷል፣ ፊልሙ ጎብጦ ነው የተነሳው። ዳርክ ስላይዱን፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚሸፍነውን ተንሸራታች ክዳን፣ ስመልሰው ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር እኮ፣ ያኔ ማቆም ነበረብኝ።

የሚያናድደኝ ግን ፊልም ማስገባት የሚያስተምሩት ሰዎች ናቸው። ሁሉም "ኖቹ (የፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለችው በጣት የምትዳሰስ ቁርጥ) ቀኝ እጅህ ላይ ከላይ ይሁን፣ ኢሙልሽኑ (ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ወደ አንተ ይዞራል" ብለው ያልፉታል። እሺ እሱስ ልክ ነው፣ ግን ድፍን ጨለማ ውስጥ፣ ቀይ መብራት እንኳን በማይፈቀድበት፣ ፊልሙ ሀዲዱ ስር መግባቱን በምን አውቃለሁ? ማንም አልነገረኝም! መልሱ ደግሞ ቀላል ነው፣ የሆልደሩን የጫፍ ክዳን ከመዝጋትህ በፊት የፊልሙን ጫፍ በጥፍርህ በግራም በቀኝም ቀስ አድርገህ ወደ ላይ ሞክረው፣ ከተነሳልህ ሀዲዱ ስር አልገባም፣ አውጣና እንደገና አስገባ። ይቺን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ የምጠቀምበት ፓኮ ውስጥ ያለው እኮ 25 ነጠላ ፊልም ብቻ ነው፣ እሱንም በስንት ልመና ነው ከውጭ የማስመጣው። ያ ብርሃን ደግሞ ነገ አይደገምም።