ማን እያባረረህ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎልማሳ በአደባባይ እንዲሮጥ የሚፈቀድባቸው ምክንያቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዝናብ ሲያሳድደው መሮጥ ይችላል። የመጨረሻው ታክሲ ሊያመልጠው ሲል መሮጥ ይችላል። ቢሮ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በተለይ ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታ ከታየች፣ መሮጥ ግዴታው ነው። ሞባይሉን የመነተፈውን ልጅ ተከትሎ ቢሮጥም የሚወቅሰው የለም፤ እንዲያውም ግማሽ ሰፈር አብሮት ይሮጣል። ከዚህ ውጭ፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ትዳርና ልጆች ያሉት፣ ቦርጩ ከፊት ከፊት የሚቀድመው ሰው ማንም ሳያባርረው በማለዳ ሲሮጥ ከተገኘ ማብራሪያ ይጠየቃል።

እኔን ቀድሞ የጠየቀኝ የሰፈራችን ጥበቃ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ከተቀመጠበት ብድግ አለና ዱላውን አነሣ። “ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ቤት ሰላም ነው?” አለኝ። ሰላም ነው ስለው አላመነኝም፤ ከኋላዬ ማን እንደሚመጣ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ማንም አልመጣም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳሰበው።

አይፈረድበትም። በእኛ ዘንድ ቦርጭ ሹመት እንጂ ሕመም ሆኖ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ የተገናኘ ዘመድ “ወፈር ብለሃል፣ ተመስገን!” ብሎ ነው የሚስመው። የከሳ ሰው ግን ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጨጓራው አንድ በአንድ ይመረመራል። እኔም ደመወዜ ሳያድግ ቦርጬ ቀድሞ በማደጉ ብዙ ተጠቅሜያለሁ። ባንክ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ የማላውቃቸው ሰዎች “ጋሼ” ይሉኛል። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመረጥ ስሜ ከፊት ነው፤ ንግግር አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ሶፋው ላይ ስቀመጥ ለሴቲቱ ወላጆች የወንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ የመጣ ስለሚመስላቸው ነው።

ይህን ሁሉ ክብር አንድ ወጣት ሐኪም በአንድ ከሰዓት አፈረሰው። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠምጥሞ ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ነፋ። ሐኪም ዝም ብሎ እንደገና ሲነፋ የሚያስደነግጠውን ያህል ምንም ነገር አያስደነግጥም። “ኪሎ መቀነስ ይኖርብዎታል” አለ። መድኃኒት እንዲጽፍልኝ ብለምነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ 75 ደቂቃ እንደሚመክር ነገረኝ። ቅናሽ አይቶ የሚያልፍ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በእርምጃ 150 ደቂቃ ከምከፍል በሩጫ በ75 መገላገሉ አዋጭ መስሎ ታየኝ።

ቱታ ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ። ለእኔ ልክ ከተገኘልኝ ነገር ሁሉ ሰው ፊት የሚለበሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ ሆኖ ጀርባው ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደላት “ኢትዮጵያ” የሚል፣ የብሔራዊ ቡድኑን ልብስ የሚመስል። ዚፑ ከእምብርቴ በላይ አልወጣም። ሻጩ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ጎተተ፣ ትንፋሼን እንድይዝ አዘዘኝ፣ እንደገና ጎተተ፣ በመጨረሻ ተስፋ ሳይቆርጥ ለቀቀው። “ጋሼ፣ ሲሮጡበት ራሱ ይዘጋል!” አለኝ። ይህን የመሰለ ተስፋ ከሐኪሙም አልሰማሁም ነበርና ሳልከራከር ከፈልኩ።

ያ ጽሑፍ ግን ጣጣ አለው። ይህ አገር አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮምን የረታበት፣ ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ያነሣበት፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የሆነችበት አገር ነው። እንግዲህ ይህን ስም በጀርባዬ ተሸክሜ፣ እያለከለክሁ፣ ዚፕ ሳይዘጋልኝ ዳገት ስወጣ አስቡት። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ደስ ብሎት ይጠጋል፤ አልፎኝ ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል። ልጆች “ኃይሌ! ኃይሌ!” እያሉ ትንሽ ያጅቡኛል፤ ከዚያ በእርምጃ ሊያልፉኝ መሆኑን ሲያውቁ አዝነው ይተዉኛል። አንድ ነጠላ ያጣፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አዛውንት ግን አስቁመው መከሩኝ፦ “ልጄ፣ መሮጡን ሩጥ፤ ልብሱን ግን ገልብጠህ ልበሰው። የውጭ ሰው ሊያይህ ይችላል።”

ስለ ከፍታው የሚወራውን እናንተም ሰምታችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምትገኘው፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ አትሌቱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ሲወዳደር ያ ሁሉ ትርፍ ይሆንለታል። ይህን ፍለጋ የውጭ አትሌቶች አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ሆቴል ከፍለው ሱሉልታ ድረስ ይመጣሉ። እኔ ይህንኑ አየር ከተወለድኩ ጀምሮ በነፃ ስስበው ኖሬያለሁ። ለሳንባዬ ግን የነገረው ያለ አይመስልም። ከቤቴ በር እስከ አስፋልቱ ስደርስ ጎኔን ውጋት ቀስፎ ያዘኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ቤት ተከፈተ። ስቆም ደግሞ ሁሉም አካሌ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ እኔ ከቆምኩ በኋላ ቦርጬ ትንሽ ቆይቶ ነው የቆመው። ሰው ሲሮጥ እያንዳንዱ እግር መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ነው ይላሉ ባለሙያዎች። የእኔን 95 ኪሎ በሁለት ተኩል አባዙና ጉልበቴን አስቡት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሁለት ኩንታል ጤፍ በላይ ይጫንበታል፤ ያውም ያለ ተሸካሚ ዋጋ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የሕዝባችን ደግነት ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ከኋላዬ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ “ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ቦታ አለ!” አለና የበሩን ጣሪያ መታ። ሾፌሩ ሃምሳ ሜትር ያህል ፈንጠር ብሎ ቆመ። የኋላ ወንበር ላይ ሦስት የነበሩት ተጠጋግተው ለእኔ የሚሆን ቦታ ሠሩ፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ መሥራት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ በበሩ በኩል እያለከለክሁ አለፍኩ። የተሳፋሪዎቹን ፊት አልረሳውም። ታክሲው ተንቀሳቅሶ ደረሰብኝና አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች፦ “ሒሳቡን አስበው ነው? ግቡ፣ እኔ እከፍልልዎታለሁ!” ምን ይመለሳል? ስፖርት ነው ብዬ ልጮህ ስል ትንፋሽ አጠረኝና እጄን ብቻ አወናጨፍኩ። እሷም የባሰ አዘነች።

ከዚያ አሰልጣኞቹ መጡ። በእኛ አገር ሩጫ የማይሮጥ ሰው ሞልቷል፤ ሩጫ የማያሠለጥን ግን አንድም የለም። የጀበና ቡና የሚጠጡት፣ ሊስትሮው፣ ጫማ የሚያስጠርገው ደንበኛ፣ ሁሉም የዐሥር ሺሕ ሜትርን ታሪክ በቃሉ ያውቃል። አንዱ “ጫማው ነው የያዘህ፤ አውልቀው! አበበ ምን አደረገ?” ይለኛል። ሌላው ገና ሁለት መቶ ሜትር ሳልሮጥ “ማርሽ ቀይር!” ብሎ ይጮኻል፤ ያለኝ ማርሽ አንድ መሆኑን አያውቅም። ጥበቃው እንኳን ከኀዘኔታው ወጥቶ የሲድኒውን ነገር አነሣብኝ፤ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሰከንዶች ልዩነት ስለሆነ እኔም ዘንቢላቸውን ይዘው ከገበያ የሚመለሱትን እናት እንዳላስቀድም አስጠነቀቀኝ። ሴትየዋ ግን ጥሩ የአጨራረስ ብቃት ነበራቸው።

የሚገርመው፣ እውነተኞቹ ሯጮች እንዲህ አያደርጉም። አንድ ማለዳ እንጦጦ ባሕር ዛፉ መካከል አየኋቸው። አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ የፊተኛው የረገጠበትን የኋለኛው እየረገጠ፣ ዛፍ ለዛፍ ዞር ዞር እያሉ፣ በጣም ቀስ ብለው ይሮጡ ነበር። ልባቸው የማይጨነቅበት፣ ወደ ላይ እንኳን ቀና የማይሉበት ሩጫ ነው። ሲያልፉኝ አንደኛዋ “አይዞዎት” አለችኝ፤ ሌላ ምክር አልጨመረችም። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይም እንዲሁ ነው፤ የምር የሚሮጥ ሰው የሌላውን እግር አይመለከትም። ለጀማሪ የሚመከረውም ይኸው ቀስ ማለት ነው፦ እየሮጡ ማውራት በሚያስችል ፍጥነት አንድ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና።

ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእኛ ሰፈር ውስጥ ሥራ ላይ አይውልም። ሮጦ ወደ እርምጃ የተመለሰ ሰው እንደተሸነፈ ይቆጠራል። “አቋረጠ!” ይላል ከቡናው ዘንድ አንዱ፣ በቴሌቪዥን ውድድር እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በመጨረሻ ዘዴ አገኘሁለት። መራመድ ሲያምረኝ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደርግና “እሺ… እሺ… ሲሚንቶው መቼ ይደርሳል?” እላለሁ። ሁለት ደቂቃዬን ተራምጄ ስጨርስ “በል ደህና ዋል” ብዬ ሶምሶማዬን እቀጥላለሁ። አሁን የሰፈሩ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ትልቅ ጉዳይ የማንቀሳቅስ ነጋዴ መሆኔን አምኗል። ብድር የጠየቁኝም አሉ።

ስለ ምግቡ ብዙ አልናገርም፤ ያማል። ሩጫ በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በዚህ ሒሳብ አንድ ጠርሙስ ቢራ የእኔን ኪሎ ሜትር ተኩል ሩጫ ይበላል። ጓደኞቼ ስፖርት መጀመሬን የሰሙ ዕለት ደስታቸውን የገለጹት ክትፎ ጋብዘውኝ ነው፤ “ጉልበት ያስፈልግሃል” እያሉ ቅቤ አስጨመሩልኝ። ያን ክትፎ ለማቃጠል አዳማ ድረስ መሮጥ ሳይኖርብኝ አይቀርም። እናቴ ደግሞ ገና ግራም ሳልቀንስ “ከሳህ፣ ማን አስከፋህ?” ብላ አለቀሰች። “እማዬ፣ ሐኪም ነው ያዘዘኝ” ብላት፣ ሐኪሙን ረግማ በሞቴ እያለች አጎረሰችኝ። በሁዳዴ 55 ቀን የተቀነሰውን የፋሲካ ዶሮ በሳምንት ይመልሰዋል፤ ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ የቱታዬን ዚፕ ይጠይቅ።

እንዲያም ሆኖ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ለመሳተፍ ቲሸርት ገዝቻለሁ። በ1994 ዓ.ም. 10,000 ያህል ሰው ይዞ የተጀመረ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው፤ ዛሬ የሰዉ ብዛት መሬት አያሳይም። ከፊት ያሉት አትሌቶች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሱታል። ከኋላ ያለው ሕዝብ ደግሞ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ውኃ እየተረጫጨ ይሄዳል። እዚያ መሐል ሳንባው ያለቀበትና ለጭፈራ የቆመው አይለይም። ለእንደኔ ዓይነቱ ከዚህ የተሻለ ውድድር የለም።

የዕድራችን ሰዎች ግን እስከ ኅዳር አልጠበቁኝም። ባለፈው የወሩ ስብሰባ ላይ፣ ጥሩምባ ነፊያችን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ጡረታ እንዲወጡ መጠየቃቸው ተነበበ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ቤቱን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። “ወንድማችን መቼም በየማለዳው ሰፈሩን ይዞሩታል” አሉ፤ “ያው እግረ መንገዳቸውን ጥሩምባዋን ቢይዙልን ለዕድሩም ወጪ ይቀንሳል።” ጭብጨባ ሆነ። ተነሥቼ ተቃወምኩ። ሰው እየሮጠ ጥሩምባ መንፋት አይችልም፣ ትንፋሽ አይበቃም አልኩ፤ በሕክምናም አስረዳሁ፤ ስለ ከፍታውም ተናገርኩ። ሊቀ መንበሩ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ፣ “በዚህ አይጨነቁ” አሉኝ። “ትንፋሽ ካጠረዎት ጥሩምባው ይቅር። እኛ እስካሁንም የምንነቃው እርስዎ ሲያለከልኩ ነው።”

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።